አመለኛዋን መኪና ከነአመሏ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው ዕድሜያቸው ከ15 እና ከ20 ዓመት ስላለፈ መኪኖች ናቸው። «ሽጠህ ተገላገል» ለማለት ዓምድ ስለማያስፈልግ እሱን ትተነዋል። አሮጌ መኪና ከነአመሏ ብዙ ዓመት ልታገለግል ትችላለች፤ አመሏ ግን በቁጥር መታወቅ አለበት። በስንት ኪሎ ሜትር ስንት ዘይት፣ ስንት ቮልት፣ ስንት ዲግሪ? ቁጥሩን የማያውቅ ባለቤት ጤነኛውን ዕቃ እያስቀየረ የታመመውን ይዞ ይዞራል። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የ1.6 ሊትር ቤንዚን ሞተር ያላት መኪናዬ ዘይት ትበላለች። ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች፤ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። አንዱ መካኒክ «ሞተሩ ወርዶ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይቀየር» አለኝ፤ ሌላው «ወፍራም ዘይት አድርግባት» አለኝ። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም ያቆዩዋቸው። መጀመሪያ ምን ያህል እንደምትበላ ይወቁ። መኪናዋ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ቆማ ካደረች በኋላ፣ ሳትነሳ፣ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ይጻፉ። ከዚያ በየ300 ኪሎ ሜትሩ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው በጠዋቱ ሰዓት ይለኩ። በአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች መለኪያ ዘንጉ ላይ ካለው ታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው 1 ሊትር ያህል ነው። በ1000 ኪሎ ሜትር ግማሹ ከወረደ ግማሽ ሊትር በልታለች፤ ለዕድሜዋ የሚቻል አመል ነው። በ1000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ከሆነ ድንበሩ ላይ ነን። ከዚያ ካለፈ ካንዴላዎቹ ጥቀርሻ ይይዛሉ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭስ ማጥሪያ) ያላት ከሆነችም እሱ ቀስ በቀስ ይበላሻል።

ቀጥሎ ጭሱ የሚወጣበትን ሰዓት ይመልከቱ፤ ምርመራው ግማሹ እዚያ ላይ ነው። አድራ ስትነሳ ብቻ የሚጨስ ከሆነ ዘይቱ የሚወርደው ከላይ፣ ከቫልቮቹ ግንድ ጎሚኒ ነው። ላስቲኩ በሙቀት ብዛት ይደርቅና ሌሊቱን ጠብ ጠብ እያደረገ ሲሊንደር ውስጥ ያስገባል። ረጅም ቁልቁለት ነዳጅ ሳይረገጥ ወርደው መጨረሻ ላይ ሲረግጡ የሚወጣ ጭስም ከዚሁ ወገን ነው። ዳገት ላይ፣ ሞተሩ ሲጫን፣ ሳያቋርጥ የሚጨስ ከሆነ ግን ፋሻውን መጠርጠር ይገባል። እርስዎ እንደጻፉት ከሆነ የመኪናዎ ነገር ወደ መጀመሪያው ያዘነብላል። ይህን ለመቀየር ደግሞ ሞተር ማውረድ የለም፤ በብዙ ሞተሮች ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) እንኳ አይነሳም። ቫልቮቹ እንዳይወርዱ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ይገባል ወይም ንጹህ የናይለን ገመድ ታጥፎ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ሞላዎቹ ይፈታሉ፣ ጎሚኒዎቹም ከላይ ይለወጣሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ከቴስታታው ክዳን ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደውን ትንሿን የጭስ መመለሻ ቫልቭ ይንቀሉ። በጆሮዎ አጠገብ ሲያንቀጫቅጩት ቃጭ ቃጭ ካላለ ተጣብቋል። እሱ ሲደፈን በሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይቱን ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ያወጣዋል። ይህን ቫልቭ ሳያዩ ስለ ፋሻ የሚያወራ መካኒክ ቸኩሏል።

ፋሻው መሆኑን ማረጋገጥ ከፈለጉ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየር ጨምቀው የሚይዙትን ግፊት) ያስለኩ። ሞተሩ ይሞቃል፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ይወጣሉ፣ የነዳጅና የማቀጣጠያው መስመር ይቋረጣል፣ ነዳጅ ፔዳሉ እስከ ወለል ተረግጦ ሞተሪኖው አምስት ስድስት ጊዜ ያዞረዋል። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ካላለፈ ደህና ነው። አንዱ ዝቅ ካለ በዚያው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባ ማሸጊያ)።

ስለ ወፍራሙ ዘይት፦ የመኪናዋ መመሪያ ከፈቀደ ከ5ደብልዩ-30 ወፈር ወዳለው 10ደብልዩ-40 መሄድ ፍጆታውን ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ከዚያ በላይ ማወፈር ግን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ዘይቱ ቴስታታው ድረስ ቶሎ እንዳይደርስ ያደርጋል፤ ጭሱን ለመሸፈን ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ማስበላት ነው። ሌላው የተለመደ ስህተት «ሁልጊዜ አዲስ ስለምጨምርባት ዘይት መቀየር አያስፈልጋትም» ማለት ነው። ቆሻሻው አይቃጠልም፤ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ይቀራል። ዘይቱና ፊልትሮው በጊዜያቸው ይለወጡ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ሞቃ ሳለች አጥፍቻት ከ10 ደቂቃ በኋላ ስመለስ ግን አልነሳም ትላለች። ግማሽ ሰዓት ካሳረፍኳት ምንም እንዳልሆነ ሰው ትነሳለች። ባትሪ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም።

መልስ፦ አንድ ነገር አልነገሩንም፦ በዚያ ሰዓት ሞተሪኖው ያዞራል ወይስ አያዞርም? መንገዱ የሚለያየው እዚያ ላይ ነው፤ ባትሪው የተለወጠውም ይህ ሳይጠየቅ ይመስለናል።

ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ወይም እየከበደው ቀስ ብሎ ካዞረ ጉዳዩ የኮረንቲ ነው። ብረት ሲሞቅ ኮረንቲ ማሳለፍ ይከብደዋል፤ የዛገ የማሳ ሽቦ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደው) እና ያረጀ ሞተሪኖ የሚያቅታቸው ያኔ ነው። ቴስተሩን (የኮረንቲ መለኪያውን) ዲሲ ቮልት ላይ ያድርጉ። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ፣ ሌላውን በሞተሩ እርቃን ብረት ላይ ይያዙና ሰው ቁልፉን ያዙር። ከ0.2 ቮልት ብዙ ካለፈ የማሳው ገመድ ታሟል፤ ሁለቱን ጫፎቹን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳትና አጥብቆ ማሰር ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን ደግሞ ከ0.5 ቮልት ማለፍ የለበትም። ሁለቱም ደህና ሆነው፣ ባትሪው ራሱ ላይ ሲያዞር ከ9.6 ቮልት ሳይወርድ ሞተሪኖው ካቃተው፣ ጥፋቱ የሞተሪኖው ነው፤ ካርቦኑና ቡሽው ይታይ።

በደንብ እያዞረ የማይነሳ ከሆነ ግን ወይ እሳት ወይ ነዳጅ ጎድሏል። በኢንጀክሽን መኪና ዋናው ተጠርጣሪ የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን ዋና ዘንግ መዞር የሚያነበው) ነው። ውስጡ ያለው ቀጭን ጥቅል ሽቦ ሲሞቅ ይለያይና ሲቀዘቅዝ መልሶ ይገናኛል። በብዙ መኪኖች ሞተሪኖው እያዞረ የሞተር ዙር መቁጠሪያው መርፌ ዜሮ ላይ ከተኛ ምልክቱ ይኸው ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ አልነሳም ባለች ሰዓት ሴንሰሩ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፉ። ወዲያው ከተነሳች ጥፋተኛው ተያዘ። ጨርቁን ስታስቀምጡ ቺንጋው (ቀበቶው) እና ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) አጠገብ እንዳይደርስ፣ ቁልፉም ከመኪናው ውስጥ ወጥቶ ኪስዎ ውስጥ እንዲሆን።

ሴንሰሩ ካልሆነ ቁልፉን ሳያስነሱ ሦስት ጊዜ ከፍተው ይዝጉ፣ በየመሃሉ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይጠብቁ። ፓምፑ ግፊቱን ይሞላል። በዚህ ከተነሳች የነዳጁ ግፊት ቆማ ሳለች እየወረደ ነው፤ የፓምፑ መመለሻ ቫልቭ ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ይፈለግ። ነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለል ረግጠው ሲያዞሩ ብቻ ከተነሳች ደግሞ ነዳጅ በዝቶባታል፤ ብዙ ኢንጀክሽን ሞተሮች ፔዳሉ ሙሉ ለሙሉ ከተረገጠ ሲያዞሩ ነዳጁን ይቆርጣሉ። የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ «ገና ቀዝቃዛ ነን» እያለ ኮምፒውተሩን አሳስቶት ሊሆን ይችላል። ካርቡሬተር ላላቸው ችግሩ ከጥንትም ያለ ነው፦ ነዳጁ ከሞተሩ ሙቀት የተነሳ ቱቦው ውስጥ ይተናል። የነዳጅ ቱቦው ከጭስ ማውጫው ራቅ ብሎ መታሰሩንና ከካርቡሬተሩ ሥር ያለው ሙቀት ከልካይ ጓርኒሲዮን መኖሩን ይመልከቱ። ሞተሩ ሲታደስ ይህን ወፍራም ጓርኒሲዮን በቀጭን ወረቀት ተክተው የሚገጥሙ አሉ።

ጥያቄ፦ የሹፌሩ መስታወት ሲወጣ እያቃሰተ መሃል ላይ ይቆማል። በእጄ እየደገፍኩ አስወጣዋለሁ።

መልስ፦ መስታወቱ የሚሄድበትን የጎን ላስቲክ በእርጥብ ጨርቅ ያጽዱና ሲሊኮን ስፕሬይ ይንፉበት። የሞተር ዘይትና ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጡታል፣ አቧራም ይይዛሉ። ይህ ካልፈታው በሩ ይከፈትና መስታወት ማውጫው ሀዲድ ላይ የተሰበረ ፕላስቲክ ይፈለግ። እስከዚያው በእጅ መደገፍ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ መኪናዬን ሦስት ቀን ካላንቀሳቀስኳት ባትሪው ይሞታል። ባትሪው አዲስ ነው፣ ዲናሞውም ይሞላል ተብያለሁ።

መልስ፦ «ይሞላል» የሚለውን በራስዎ ቴስተር ይመልከቱት፤ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት አለበት። ጠፍታ ካደረች በኋላ ደግሞ 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.0 ባዶ ሊባል ምንም አልቀረው። ይህ ደህና ከሆነ መኪናዋ ተኝታ የሚጠጣባት ነገር አለ።

ሁሉንም አጥፍተው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ በሮቹን ዘግተው የኔጋቲቩን ገመድ ይፍቱ። ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ አድርገው በባትሪው ራስና በተፈታው ገመድ መካከል ያስገቡት። መጀመሪያ ከፍ ያለ ቁጥር ቢያዩ አይደንግጡ፤ ኮምፒውተሮቿ እስኪተኙ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ ከ50 ሚሊአምፒር በታች ከሆነ ጤና ነው። 300 ሚሊአምፒር ቢያነቡ ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ በቀን 7.2 አምፒር-ሰዓት፣ በሦስት ቀን 21.6። የ45 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ግማሹ ሄደ ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ጠዋት ከተጨመረ ሞተሪኖው አይዞርም።

አሁን ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩን ይመልከቱ። ሲነቀል ቁጥሩ ዝቅ ያለበት መስመር ላይ ሌባው አለ። በኋላ የተገጠመ ቴፕና ማንቂያ፣ ሲዘጋ የማይጠፋ የፖርቶባጋሊዮ መብራት፣ የዳሽቦርድ ኪስ አምፖል፣ ተጣብቆ የቀረ ሪሌ ዋነኞቹ ናቸው። ፊውዝ ሁሉ ተነቅሎ ቁጥሩ ካልወረደ ዲናሞው ራሱ፣ ውስጡ ያለው ዳዮድ፣ ወደ ኋላ እያፈሰሰ ይሆናል። ቴስተሩ በዚህ ሁኔታ ተሰክቶ ሳለ መኪናዋን ለማስነሳት አይሞክሩ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ሌባው እስኪገኝ ኔጋቲቩን እየፈቱ ማሳደር ይቻላል፤ የቴፑ ኮድ ካለ ግን ቀድመው ይያዙት።

ጥያቄ፦ ክፍት መንገድ ላይ ሙቀቷ ደህና ነው። መኪና ተጨናንቆ ስቆም ግን መርፌው ወደ ቀይ ይወጣል። ቴርሞስታቱን አስወጥቼዋለሁ፣ አልተሻላትም።

መልስ፦ ቴርሞስታቱን ይመልሱት። ከ82 እስከ 88 ዲግሪ አካባቢ የሚከፈት ዕቃ ነው፤ የሌለበት ሞተር ቀዝቃዛ ሆኖ ሲሠራ ነዳጅ ያባክናል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። የእርስዎ ችግር የነፋስ ነው፦ ስትሄድ የሚመታት ንፋስ ያበርዳታል፣ ስትቆም ያንን ሥራ መሥራት ያለበት ቬንትሌተር አልሠራም። በኤሌክትሪክ የሚዞር ከሆነ ኤሲውን ይክፈቱ፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ቬንትሌተሩ አብሮ መነሳት አለበት። በኤሲ ተነስቶ በሙቀት የማይነሳ ከሆነ ሴንሰሩ፣ በምንም የማይነሳ ከሆነ ፊውዙ፣ ሪሌው ወይም ሞተሩ ነው። በቺንጋ የሚዞር ከሆነ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ያጥፉትና በእጅ ይግፉት፤ ሳይከብድ ከአንድ ዙር በላይ ከተሽከረከረ መሃሉ ያለው ማያያዣ ፈሳሹን ጨርሷል።

ተቃራኒው ለሚገጥማችሁ፣ ማለትም ቆማ ደህና ሆና ፍጥነት ላይ ለምትግል መኪና፣ የተደፈነ ራዲያተር፣ ምላሱ የተበላ የውሃ ፓምፕ ወይም ሲሳብ የሚጨማደድ የታችኛው ማኒኮቶ (የራዲያተር የጎማ ቱቦ) ነው የሚፈለገው።

ክዳኑንም አይናቁ። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ የሚይዘው ግፊት ነው። በ1.1 ባር ግፊት ውሃ የሚፈላው 120 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የክዳኑ ጎሚኒ ካረጀ ግን በ100ው ይፈላል። ውሃ ብቻ መሙላት ውስጡን ያዝገዋል፤ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ይሁን። ሲሞሉ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ የፊቷን ከፍ አድርገው፣ ማኒኮቶውን በእጅ እየጨመቁ አየሩን ያስወጡ። አረፋው አላልቅ ካለ፣ ወይም ቀዝቅዛ በተነሳች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማኒኮቶው እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፤ ጉዞው እዚያው ይቁም። ክዳኑን ሙቅ ሳለ መክፈትማ ፊትን ማስቃጠል ነው።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ ችግሮች እነዚህ ናቸው፦ የፍጥነት መርፌው አይሠራም፣ የኋላ በር ከውጭ አይከፈትም፣ ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ትስባለች (ለምጄዋለሁ፣ መሪውን አጥብቄ እይዛለሁ)፣ ጠዋት ጠዋት ውስጧ ቤንዚን ይሸታል። ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ከመጨረሻዎቹ ሁለት፤ ዛሬ። የቤንዚን ሽታ የሚለመድ ነገር አይደለም። የነዳጅ ጎሚኒዎችን ከታንከር እስከ ሞተር በእጅ እያጠፉ ይዩ፤ የተሰነጠቀ ላስቲክ ሲታጠፍ ይታያል። የታንከሩ መሙያ ቱቦና ከኋላ ወንበር ሥር ያለው የፓምፕ ክዳን ጓርኒሲዮንም ይፈተሽ። ፍለጋው በባትሪ መብራት ይሁን።

ወደ ግራ የምትስብ መኪና በአብዛኛው የታመመው ቀኙ ነው፤ የግራው ይይዛል፣ የቀኙ አይይዝም። የቀኙ ካሊፐር ፒስተን ተጣብቆ፣ ሸራው ዘይት ነክቶት፣ ወይም የፍሬን ጎሚኒው ከውስጥ አብጦ ይሆናል። ከተወሰነ መንገድ በኋላ ቸርኬዎቹን በእጅ ሳይነኩ በቅርበት ሙቀታቸውን ያወዳድሩ። አንዱ ጎን ሁልጊዜ የሚግል ከሆነ ያ ጎን ሳይለቅ ቀርቷል። መኪናዋን በክሪክ አንስተው ብቻ አይተዉ፣ በመደገፊያ ብረት ይደግፏት፤ ከዚያ ያልለቀቀውን ጎማ ማስተንፈሻ ቡሎን ትንሽ ይፍቱ። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከለቀቀ ጎሚኒው ተደፍኗል፤ ካልለቀቀ ካሊፐሩ ተጣብቋል። ሸራና ጎሚኒ ሁልጊዜ በጥንድ ይለወጣሉ። የፍሬን ዘይቱ ከ2 ዓመት በላይ ከቆየም ይለወጥ፤ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ሲገባው ግን ዝቅተኛው ደረጃ 155 ነው፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ወለል የሚነካው በዚህ ነው።

በሩ ይቆይ፤ ከውስጥ ግን መከፈቱን ያረጋግጡ። የፍጥነት መርፌው ዋና ጉዳቱ ሌላ ነው፦ ብዙ ጊዜ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያውም አብሮት ይቆማል፣ ዘይት መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ አይኖርም። እስኪሠራ ዘይቱን በወር ይቁጠሩ፣ ለፍጥነቱ የስልክ ጂፒኤስ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ከበሮቹ ሥር ያለው ላሜራ ዝጓል። በስቱኮ ሞልቶ መቀባት ይበቃል?

መልስ፦ በካቻቪቴ እጀታ ቀስ ብለው ይምቱት። ጠንካራ ድምፅ ከሰጠ ዝገቱ የላይ ነው፦ እስከ ነጭ ብረት ይፋቃል፣ ፀረ ዝገት ይቀባል፣ ከዚያ ስቱኮውም ቀለሙም ይከተላሉ። ድፍን ድምፅ ሰጥቶ ከተሰረጎደ ግን በዚያ ያለው ብረት አልቋል። ያ ክፍል የመኪናዋ አጥንት ነው፤ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየዳል። ስቱኮ ቀዳዳውን ይሸፍናል እንጂ ክብደት አይሸከምም። ሥራው ካለቀ በኋላ በበሮቹ ታችኛው ጠርዝ ያሉትን የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በሽቦ ይክፈቱ፤ የዝገቱ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ እነሱ በጭቃ መደፈናቸው ነው።

ጥያቄ፦ ታሪኳን የማላውቃት አሮጌ መኪና ገዛሁ። በመጀመሪያ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዘይት፣ ፊልትሮዎች፣ ኩላንትና የፍሬን ዘይት ሁሉም ይለወጡ፤ የእርስዎ ቆጠራ ከዚያ ቀን ይጀምራል። የጎማውን ዕድሜ ከጎኑ ያንብቡ፤ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፣ 2319 ማለት የ2019 ዓ.ም. (በፈረንጆች) 23ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም 10 ዓመት ያለፈው ጎማ አይነዳም።

ከዚያ ትልቁ ጥያቄ የታይሚንግ ቺንጋ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያዞረው ቀበቶ) ነው። መጀመሪያ ሞተርዎ ቺንጋ ወይስ ካቴና (ሰንሰለት) እንዳለው ከመመሪያው ይለዩ፤ በሞተሩ ጎን ያለው ሽፋን ፕላስቲክ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቺንጋ ነው። እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ይሰጠዋል፤ ብዙም ባትነዳ ላስቲኩ በዕድሜ ይደርቃል። በብዙ ሞተሮች ሲበጠስ ፒስተኖቹ የተከፈቱትን ቫልቮች ይመቷቸዋል፣ ቴስታታው ይወርዳል። ሻጩ «ተቀይሯል» ቢል ቀኑና ኪሎ ሜትሩ የተጻፈበት ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። ሲቀየር መወጠሪያው ኩሽኔታም አብሮ ይለወጥ፤ የውሃ ፓምፑ በዚያው ቺንጋ የሚዞር ከሆነ እሱም አይቅር፣ ለሱ ተብሎ ያው ሥራ እንደገና ይፈታልና። ፊት ላይ ያለው የክራንክ ፓራኦሊዮ (ዘይት ማገጃ ላስቲክ) ዘይት የሚያልብ ከሆነም ያኔውኑ ይቀየር፤ ዘይት የነካው አዲስ ቺንጋ ዕድሜ የለውም።